ከበሩ በላይ አራት ምንጣፍ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሚሚ ከአዲስ አበባ መጥታ በሐረር አዲሱ ከተማ የከፈተችውን የእንግዳ ማረፊያ እንዳይላት ጠርታኝ ከአቦከር ሰፈር በባጃጅ ሄድኩ። ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ አጥፌ፣ ምንም ባይ እንዳላደንቅ ራሴን እያስጠነቀቅኩ ነበር የሄድኩት። ሳሎኑ በር ላይ ስደርስ ግን አደነቅኩ። ግድግዳው አረንጓዴ፣ መደቦቹ የሸክላ ቀይ፣ ከመደቦቹ በላይ ሰፌድና አበባ የተሳለባቸው የብረት ሳህኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከመሐላቸው የሚሚ እናት፣ አልማዝ፣ ከሦስት ትራስ ጋር ተቀምጣ ለእንግዶቹ ታስረዳለች።

«ይህን አሠራር ከጀጎል አውጥቼ መጀመሪያ በክርስቲያን ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ» ትላለች። «እኛ ወደ ሐረር ስንመጣ የዚህ አገር ሰው ግድግዳውን ክሬም ቀብቶ ነበር የሚኖረው።»

ክሬም የቀባችው እሷ ናት። ለዚያውም የአባቴን ቤት።

በአፌ «እትዬ አልማዝ» እላታለሁ፤ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናትና ደንቡ ነው። በወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

ነገሩ የሆነው የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ቀደም ብላ፣ አባቴም በዚያው ዓመት አርፈው፣ እኔ አቦከር ያለው ቤታችን ውስጥ የመምህርነት ምደባዬን እጠብቅ ነበር። ወንድሜ ታደሰ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ተመድቦ ሚስቱንና የአራት ዓመቷን ሚሚን ይዞ መጣ። አልማዝ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ቤቱን ዞራ አየችና «ጨለማ ነው» አለች። በሳምንቱ ግድግዳው ክሬም፣ መጋረጃው ክሬም፣ የሶፋው ዳንቴል ክሬም ሆነ። ቤታችን ወተት የተደፋበት መሰለ።

የቀረችው የእኔ ክፍል ናት። ክፍሌን ራሴ አረንጓዴ ቀብቼ፣ መስኮቷን ሰማያዊ አድርጌ፣ ከአልጋዬ በላይ ምንጣፌን ሰቅዬ ነበር። ስለ ምንጣፉ ልናገር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ጊዜ አባቴ ከድሬዳዋ በፔጆ ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭነው አመጡልኝ። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ዝናብ ስለመታው ሁለት ቀን አጥር ላይ ተሰጥቶ ዋለ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጥቶ አየው። መደቡ ቀይ ነው፤ በላዩ ቢጫ ሮማኖች ተበትነዋል፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሐረግ ይዞራል። አባቴ ከሮማኖቹ አንዱ ላይ ጣታቸውን አድርገው «ይቺ አንቺ ነሽ፣ ገና አልተከፈተችም» ያሉኝን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አልማዝ ክፍሌን ስታይ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «የጠንቋይ ቤት አስመሰልሽው እኮ ጽጌ!»

የአባቴ ተዝካር እንዳለፈ ምንጣፉን ከግድግዳዬ አወረደችና ሳሎን አነጠፈችው። «እዚህ ሰው ያየዋል» አለች። ሰው ያየው እንደሆነ አላውቅም፤ ሲረግጠው ግን እኔ አይቻለሁ። ለወንድሜ ስነግረው ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ምንጣፍ ነው ጽጌ፣ ሰው አይደለም» አለኝ። ነፍሱን ይማር፤ ወንድሜ ጥሩ ሰው ነበር፣ ማለትም ማንንም ተቃውሞ አያውቅም።

በመስከረም መጨረሻ አልማዝ አዲስ አበባ ናፈቃት። ታደሰ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ፤ የሚፈርሙለት አለቃው ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ የሚወስዱትን ዕቃ ሲቆጥሩ «ቀዩ ምንጣፍ ለአዲሱ ሳሎን ይሆናል» ስትል ሰማሁ። አልማዝ እንድትሄድልኝ በየቀኑ እጸልይ ነበር። አሁን ግን ጸሎቴ ከተሰማ ምንጣፌ አብሯት ሊሄድ ነው። ካልተሰማ ደግሞ ምንጣፌም አልማዝም እዚሁ ናቸው። እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደምለምነው ግራ ገባኝ።

አለቃው የጎጃም ሰው ሲሆኑ ሐረር ተወልደው ያደጉ ሚስት ነበራቸው። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ «እንደ ሐረሪ ቤት ያማረ ቤት አላየሁም» ማለታቸውን ታደሰ ለአልማዝ ነገራት። እሷም እሑድ ምሳ ልትጋብዛቸው ወሰነች። ከዚያ ወደ ክፍሌ መጣች። የጠንቋይ ቤት ወዳለችው ክፍል ማለት ነው።

«ጽጌዬ» አለች። ጽጌዬ ብላኝ አታውቅም። «ያቺ ኤረር በር አጠገብ ያለችው የእናትሽ ወዳጅ ቤቷን ታሳየኛለች?»

የምትለው አባይ ዘይነባን ነበር። በእነሱ ቋንቋ አባይ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ልጆቿ እንዲሁ ነበር የምጠራት። የልጅነቴ ግማሽ ያለፈው እሷ መደብ ላይ ነው። ጥቅምት ገብቶ ስለነበር ቅጥሩ ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች የበሰለ ዘይቱን ይሸታሉ። አልማዝ በተረከዝ ጫማዋ ድንጋዩ ላይ እየተንገዳገደች ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ግን ዝም አለች፤ አልማዝን ዝም ያሰኘ ቤት ያ ብቻ ነው። ቀያዮቹ መደቦች ከፍ ዝቅ እያሉ ፊቷ ተዘርግተዋል፤ ምንጣፉ በምንጣፍ ላይ፣ ትራሱ በትራስ ላይ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ደግሞ ሁለት ምንጣፎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«ይህስ?» አለች ወደ ላይ እያየች።

አባይ ዘይነባ መልስ ልትሰጣት ስትል ጎረቤት ጠራቻትና ወጣች። አልማዝም ሳትጠይቅ የገባት መሰላት። «ቆንጆ ነው። እኛ አራት እንሰቅላለን። ሁለት ንፍገት ይመስላል።»

ሐረር ለተወለደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። በሐረሪ ቤት ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ለአቅመ ጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችኝ ማለት ነው። አንድ ምንጣፍ አንድ ልጅ ነው። አባይ ዘይነባ ሁለት ያላገቡ ሴቶች ልጆች ነበሯት። እኛ ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ቤታችን ስንደርስ ግን አልማዝ ምን አለች፣ «የሶፋውን ጨርቅ እኔ እመርጣለሁ፣ አንቺ ቀለሙን ቅቢ» አለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አራት ቀን ሠራሁ። ክሬሙን በአረንጓዴ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። የሳሎኑን ጥግ በጭቃና በጡብ አስደልድዬ ቀይ መደብ ያስወጣሁ፣ መኪና ግርግር ወደሚሉት የስፌት መንገድ ሄጄ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ተቀምጬ ባለ መስመርና ባለ አበባ ትራስ ያሰፋሁ፣ ሰፌዶቹን በትልቅና በትንሽ እያፈራረቅኩ የሰቀልኩ እኔ ነኝ። አልማዝ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ትንሽ ወደ ግራ» ትለኝ ነበር። የእሷ ድርሻ ትንሽ ወደ ግራ ነው።

ለበሩ አራት ምንጣፍ ያስፈልግ ነበር። አንዱ የእኔው ቀይ፣ አንዱ አልማዝ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ግራጫ። ሁለቱን እንድዋስ አባይ ዘይነባ ጋ ተላክሁ።

«አራት?» አለች አባይ ዘይነባ። «ማሻ አላህ። ከየት የመጡ ልጆች ናቸው?»

«ለጌጥ ነው ብላለች።»

«አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ወላሂ አንቺ ክፉ ነሽ። እናትሽም እንዲሁ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት» አለችና ሣጥኗን ከፈተች። «ከላይ ያሉትን አልሰጥም፣ እነሱ ለልጆቼ ይናገራሉ። እነዚህን ውሰጂ። ምሳው ካለቀ በኋላ መጥተሽ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ።»

እሑድ አለቃው መጡ። ሚስታቸውና አማታቸውም አብረው ነበሩ። አማታቸው እማማ ተዋበች ዕድሜ ልካቸውን ሐረር የኖሩ፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ነበሩ። አለቃው ሳሎኑን አይተው «ታደሰ! ይህ ሁሉ ያንተ ቤት ነው?» አሉ። አልማዝ አንገቷ በሁለት ጣት ረዘመ።

እማማ ተዋበች ግን አልገቡም። በሩ ላይ ቆመው፣ በምርኩዛቸው ጫፍ ወደ ላይ እያመለከቱ ቆጠሩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እሰይ! ልጆቹ የት አሉ?»

አልማዝ ልጅ ሲሉ ሕፃን መሰላት። «ሚሚ ነይ፣ እማማን ሳሚ» አለች። ሚሚ አፏ ዙሪያ የዶሮ ወጥ ተቀብታ መጣች።

እማማ ተዋበች ሚሚን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ይቺማ ገና ናት ልጄ። ምን አስቸኮላችሁ? ሦስቱስ?»

የአለቃው ሚስት አልማዝ ጆሮ ላይ ተጠግተው የምንጣፎቹን ትርጉም ሹክ አሏት። የአልማዝ ፊት ከመደቡ ጋር አንድ ቀለም ሆነ።

«ለ... ለጌጥ ነው እማማ።»

«ምን አለች?»

«ለጌጥ ነው አለች» ብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። እንግዳ መርዳት ጨዋነት ነው።

«ለጌጥ? ሰው ልጅ አለኝ ብሎ በር ላይ ሰቅሎ ለጌጥ ነው ይላል? ነገ ሽማግሌ ቢመጣ ምን ሊሉት ነው?»

አለቃው ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸው ግን ቀስ በቀስ ቆመ። «ታደሰ» አሉ፣ «በማመልከቻህ ላይ የማስተዳድራት አንዲት እህት ብቻ አለችኝ ብለህ ሞልተህ የለም?»

ወንድሜ ለአለቃው ሊያቀርብ ያነሣውን የዶሮ እግር እንደያዘ ቀረ። ዝውውሩ በዚያ ዶሮ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ መሶቡ አጠገብ ቆሜ ወጥ ማውጫውን ጨበጥኩ። ሳቄን እየታገልኩ እንደሆነ የገባት አልማዝ ብቻ ነበረች፤ ዓይኗን ጣለችብኝ፤ ጊዜ ግን አልነበራትም።

«አንድ ብቻ ናት ጌታዬ» አለች። «አንዱ ምንጣፍ የጽጌ ነው። ሌሎቹ የውሰት ናቸው።»

«የትኛው ነው የእኔ፣ እትዬ?» አልኳት።

ግራጫውን አየች። እማማ ተዋበችን አየች። የአለቃውን እጅ፣ ፊርማ የሚፈርመውን እጅ አየች።

«ቀዩ» አለች። «አባቷ የሰጧት ነው።»

«ጎሽ» አሉ እማማ ተዋበች። «እንግዲህ የእሷ ከሆነ፣ የሚወጣው ከእሷ ጋር ነው። ሌላ ሰው ይዞት በዚህ በር አያልፍም። እኔ ምስክር ነኝ።» ከዚያ ገብተው ተቀመጡና ሁለት እንቁላል በሉ።

ፊርማው በሳምንቱ ወጣ። የምንጣፉ ወሬ ግን ከፊርማው ቀድሞ ከተማውን ዞረ፤ ሁለት የሽማግሌ ቡድን ተከታትሎ መጣ፤ አንደኛው በግልጽ «ለሦስተኛይቱ» አለ። አልማዝ ቡና ሳታስፈላ ሸኘቻቸው። ዕቃው መኪና ላይ በሚጫንበት ቀን እማማ ተዋበች ልሰናበት ብለው በጠዋት መጡ። ወንበር ሲቀርብላቸው ሳሎን አልገባም፣ እዚሁ ንፋስ አለ ብለው ልክ ከበሩ ሥር፣ ከቀዩ ምንጣፌ በታች ተቀመጡ። መኪናው ተጭኖ እስኪያልቅ አልተነሡም። አልማዝ ዕቃ ይዛ በወጣች በገባች ቁጥር ምርኩዛቸውን ሰብሰብ ያደርጉላታል።

ምደባዬ ጥር ላይ መጣ። አላገባሁም፤ ምክንያቱ የእኔ ጉዳይ ነው። ምንጣፉንም ከበሩ በላይ አውርጄ መልሼ አልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት፤ አሁንም እዚያው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሚሚ ሳሎኗን ካሳየችኝ በኋላ ወደ በሩ መለሰችኝ። አግዳሚው እንጨት ባዶ ነበር።

«አክስቴ፣ ያንን ቀዩን ብትሰጪኝ እዚህ ነበር የማስቀምጠው። እማዬ ምንጣፉ የእሷ እንደነበረ፣ ላንቺ ትታልሽ እንደሄደች ትናገራለች።»

እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አልማዝ ዞርኩ። «እትዬ፣ ምንጣፉ የማን ነው?»

አልማዝ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ስኒዋን አስቀመጠች፤ ትራሷን አስተካከለች። «የጽጌ ነው» አለች በመጨረሻ። «ያኔም ብያለሁ። ስንት ጊዜ ልበል?»

የመጀመሪያው ለአለቃው ነበር። ይህ ለእኔ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አንቺስ?» አለችኝ። «አውቀሽ ነበር ዝም ያልሽው፣ አይደል?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ እትዬ» አልኳት።

በባጃጅ ስመለስ ሳስበው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ ይዛ የኖረችው እሷ፣ መልሱን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለታችን ማን እንደደከመ እንጃ። ይህን ብታነብ መልሱን ታገኘዋለች፤ መነጽር ያስረጀኛል ብላ ስለማታደርግ አታነበውም።

የሚሚ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላት። ቀይ ትወዳለች፤ ክፍሏን ማንንም ሳትጠይቅ ቀብታዋለች አሉ። ምንጣፉን ለእሷ አስቤያለሁ። ሚሚ እንደፈለገችው ከበሩ በላይ ይቀመጥ፤ ልጅቱ ከቤት የወጣች ቀን ግን እንደ እማማ ተዋበች ወንበሬን ይዤ ሄጄ ከሥሩ የምቀመጠው እኔ ነኝ።