የአባዬ የመጀመሪያ ፒዛ፦ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ አቦ ደርሶ መልስ

ነሐሴ 5፣ ንጋት 11፡30፣ ቱሉ ዲምቱ

ኮንዶሚኒየማችን ጭጋግ ውስጥ ነው። አባዬ ጋቢውን ደርቦ፣ እኔና እህቴ ሄለን ነጠላ ተከናንበን ከአራተኛ ፎቅ ወረድን። ዛሬ አቦ ነው፤ ፍልሰታም ነው። ሳሪስ አቦ እናስቀድስና ስንመለስ ቃሊቲ ወርደን በእንጨት እሳት የሚጋገር ፒዛ እንበላለን። አባዬ "ጥሩ ውጤት ካመጣሽ የመረጥሽው ቦታ እጋብዝሻለሁ" ብሎኝ ነበር፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እሱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። የማያውቀው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ፒዛውን የሚጋግረው ቢኒያም ሄለንን ሊያገባት ይፈልጋል። አምና ሌላ ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች አባዬ "ሥራውን ያላየሁት ሰው ልጄን አይወስድም" ብሎ ከደጅ መልሷቸዋል። ቢኒያምም እንዳይመለስብን፣ አባዬ ሳያውቅ ሥራውን ይየው ብለን መከርን። ሐሳቡ የእኔ ነው። ማታ ስናወራው እንዴት ደስ ይል ነበር፤ አሁን ደረጃውን ስወርድ ግን ምነው ሐሳቡ የሌላ ሰው በሆነ እላለሁ።

12፡15፣ አቃቂ

ይህን የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ላይ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ መስኮቱ ጉም።

"ፋዘር፣ ጋቢዎን ይሰብስቡልኝ፤ በሩ አንዴ ከነከሰው አይለቅም" ይላል ሹፌሩ።

"አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ። አቦ የትም አይሄዱም" አለው አባዬ።

ዕድሜውን ሙሉ ቦይለር ሲያነድ የኖረበትን የክር ፋብሪካ ስናልፍ አንገቱን አዙሮ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ይሄ ፒዛ የምትይው ቂጣ ላይ ቲማቲም መቀባት አይደል? ይኼም ሥራ ሆኖ ሰው ይቀጠርበታል?" አለኝ። ሄለን ምንም በማይታይበት መስኮት ውጭ ውጭውን አየች።

ከቀኑ 9፡00፣ ሳሪስ አቦ

ቅዳሴ ወጣ። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። ስለ ሀገር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሁሉም ልጸልይ አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "አቦዬ፣ አባዬ በልቶ ሳይጨርስ ከወንበሩ እንዳይነሳ" የሚለው ብቻ ነው።

9፡45፣ ቃሊቲ

ማረሚያ ቤት ሰው ጠይቀው ባዶ ሳህን ይዘው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ተጋፍተን ፒዛ ቤቱ ገባን። ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥግ ላይ በጡብና በጭቃ የተሠራ ትልቅ ፉርኖ። ሽታው ብቻ ያጠግባል። ቢኒያም ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ ቆሟል፤ አየንና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

አባዬ ወንበር ይይዛል ስንል ቀጥ ብሎ ፉርኖው ጋ ሄደ። ሄለን ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ።

"እንጨቱ ምንድነው?"

"ለማቀጣጠያ ባሕር ዛፍ ነው አባት። ሙቀቱን የሚይዝልኝ ግራሩ ነው።"

"እርጥብ ነው።"

"ክረምቱ ነው አባት። ለዚያ ነው ፉርኖው አፍ ላይ ደርድሬ የማደርቀው።"

አባዬ ዝም አለ። ሁለት ዓይነት ዝምታ አለው፣ አንዱ የደስታ፣ አንዱ የንዴት። ከኋላው ሲታይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሦስት የጾም ፒዛ አዘዝን፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይ። ቺዝ የለበትም። መጣ፤ ጠርዙ ቡፍ ብሎ ተነፍቷል። አባዬ አማተበ፣ አንድ ቁራሽ አነሳ። አፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቢኒያም እጁ በዱቄት እንደነጣ እየሮጠ መጣ።

"አባት፣ አይብሉት።"

የያዝኩትን ቁራሽ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

"የፍስኩን የቆረጥኩበትን ቢላዋ ሳላጥበው የእናንተን ቆረጥኩበት። ቺዝ ነክቶታል።"

አባዬ ቁራሹን እያገላበጠ አየው። ምንም አይታይበትም። "ስትቆርጥ ማን አየህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ ጾመኛ ነዎት" አለ ቢኒያም።

ሦስቱንም ሰብስቦ ወሰደ። አለቀ፣ አሁን ይነሳል አልኩ። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው እንደገና ጠብቅ ተብሎ ማን ይቀመጣል? ሄለን ከንፈሯን ነክሳለች። አባዬ ወንበሩን አዞረ፤ ለካ ፉርኖውን በደንብ ሊያይ ነው። ቢኒያም ቢላዋውን አጠበ፣ ጣውላውን አጠበ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ሊጡን እንደ አዲስ ዳመጠ። አባዬ ዓይኑን አንዴም አልነቀለም። እኔ በፍርሃት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ።

አዲሱ መጣ። አባዬ በላ። "ጠርዙ ትንሽ አርሯል" አለ፤ ያረረውንም በላው።

12፡00፣ ወደ ቤት

ታክሲ ውስጥ አባዬ መሃላችን ተቀምጧል። የቱሉ ዲምቱ ሕንፃዎች ሲታዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሄለን።"

"አቤት አባዬ።"

"ያ ልጅ ሽማግሌ የሚልከው ዘመድ እዚህ አለው?"

እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

"ፒዛው ሲመጣ ሰው ፒዛውን ያያል፤ አንቺ የእኔን አፍ ስታዪ ነበር" አላት። "ፍልሰታ ሳይፈታ እንዳይመጡ ንገሪው። ሽማግሌ ሽሮ አብልቼ አልሸኝም።"

ሄለን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ አልገባኝም። እኔ ፈገግ ማለት ስጀምር አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

"የዛሬው ግብዣ የእሷ ነበር" አለኝ። "አንቺ ሌላ ቦታ ምረጪ።"