ከመካኒኩ የተማርነው እንግሊዝኛ

ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ የሆነችው ጓደኛዬ አንድ የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ እያየን አደግን። ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ነበረው። እንግሊዝኛ የለመድነው መካኒክ ሆኖ የሚተውነው ወጣት የሚለውን እየተቀባበልን በመድገም ነው። በኋላ ተዋናዩ ወደ ትልልቅ ፊልሞች ሲሻገር እንደ ወንድማችን ኮራንበት።

አምና ለቀረጻ ጅቡቲ መጣ፤ አስተርጓሚም ይፈለጋል ተባለ። አብረን ተፈተንን። ስልኬ ተሰብሮ ስለነበር የጓደኛዬን ቁጥር አስመዘገብኩ።

ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ "ሁለታችንንም አልፈለጉንም" አለችኝ። አመንኳት።

ቀረጻውን ለማየት ባሕሩ ዳር ራስ ዲካ ወደሚባለው ቦታ ስሄድ፣ ጓደኛዬ ከተዋናዩ ጎን ቆማ ታስተረጉማለች። የፈተነችን ፈረንጅ አየችኝና "የመረጥነው አንቺን ነበር፤ በሰጠሽን ቁጥር ስንደውል ግን ጓደኛሽ አባትሽ እንደከለከሉሽ ነገረችን" አለችኝ።

ጓደኛዬን ጠርቼ "እውነት ነው?" አልኳት።

"ሁልጊዜ የምትበልጪኝ አንቺ ነሽ" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። "አንዴ እንኳ ልቅደም ብዬ ነው።"

ተዋናዩ ሲያልፍ ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝ። ያ ሁሉ የተለማመድኩት እንግሊዝኛ እያለኝ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። እያለቀስኩ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ፊልሙ ከወጣ ቆይቷል፤ እስካሁን አላየሁትም።