ስደነግጥ ቁጢጥ

አፈኛ ነሽ እየተባልኩ ስላደግሁ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ጩኸቴ ያድነኛል ብዬ አምን ነበር። ኧረ ወዲያ! ስደነግጥ ለካ ድምፄ ጭራሽ አይወጣም። ይህን ያወቅሁት አሶሳ ነው፤ ባሌ አሞሌ ጨው ሊነግዱ ይዘውኝ የወረዱ ጊዜ።

በዚያ ወራት ወደ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ሰው ፈንጋዮች ታዩ ተባለ። ውኃ ልትቀዳ የወረደችውን ሴት አፍነው ወደ ሱዳን አሻግረው ይሸጧታል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋም አይሰማ። ባሌ ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። ለንግድ ሊወጡ ሲሉ፣ "ስመለስ ደጋ እናቴ ዘንድ አደርስሻለሁ። እዚያ ትቀመጫለሽ" አሉኝ። እናታቸው ዘንድ! አማቴ እኮ ወጡ ጨው በዛው፣ ወጡ ጨው አነሰው እያሉ ሁለት ክረምት ሙሉ ያስለቀሱኝ ሴት ናቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ፈንጋይ ይሻለኛል ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነው የዋጥኩት።

ሄጄ ለጎረቤቴ አለቀስኩላት። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ አማርኛውን የለቀመችው ከነጋዴ ነው፤ እኔንም "አንተ" ነበር የምትለኝ።

"ለምን ያለቅሳል? እኔ ያስተምርሃል" አለችኝ።

እዚያ አገር ሴቱ ውኃ የሚሸከመው በትከሻው ነው። ቀርከሃ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ ቅሎቹ በሁለቱ ጫፍ ይንጠለጠላሉ። ጎረቤቴን ከኋላ ድንገት ከመጡባት ዞር ትላለች፤ ዞር ስትል ቀርከሃውም አብሯት ይዞርና የመጣውን ሰው ጆሮ ግንዱን ያገኘዋል። ማንም አላስተማራትም፤ ድንጋጤዋ ነው እንዲህ የሚያደርጋት። እኔንም ይህንኑ ልታለማምደኝ ቀርከሃ አሸከመችኝ። ከቁጥቋጦ ጀርባ ዘላ "ሃ!" ስትለኝ ግን ቀርከሃውን ወርውሬ ድምፅ ሳላሰማ ቁጢጥ አልኩ። ደገመችኝ፤ ደግሜ ቁጢጥ።

"ለምን ይቀመጣል?" ብላ አፈጠጠችብኝ።

እኔ ምን አውቄ! ቆይቼ ሳስበው ነው የገባኝ። የደጋ ሴት እንስራ የምታዝለው በጀርባዋ ነው። ዳገት ላይ እግሯን ሲያዳልጣት ወይም ውሻ ሲመጣባት ቶሎ ቁጢጥ ካላለች እንስራው ይከሰከሳል፤ እንስራው ከተከሰከሰ ደግሞ ቤት የሚጠብቃትን ስድብ እሷ ታውቀዋለች። ጉልበቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማረው ይህን ነው። ይህን ብነግራት ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም "ምኑ ነው የሚያስቀው?" ብዬ ኩርፊያዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ራሷ መጣች። "ወላሂ፣ ድንጋጤ አይለወጥም" አለች። "ይቀመጣል? ይቀመጥ! ቁጭ ብሎ ምን ያገኛል?"

ወደ ታች አየሁ። "እግር" አልኳት።

"ታዲያ እግር ይያዝ!"

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ይኸው ሆነ። ከኋላዬ መጥታ ስታንቀኝ ቁጢጥ እላለሁ፤ እጇ ባዶውን ይቀራል። ተረከዟን ይዤ ወደ ፊት እስባለሁ፣ በጀርባዬ ወደ ኋላ እገፋለሁ፤ እሷ በጀርባዋ ዘጭ! መቼ እንደምትመጣ አትነግረኝም። ማሽላ ስፈጭም ሆነ ጎመን ስቀነጥስ ትመጣብኛለች፤ አንድ ጊዜማ ዱቄቴን ከነወንፊቱ ደፍተን አብረን ነጭ ሆንን። በወደቀች ቁጥር "ጎሽ፣ አንተ!" እያለች ትስቃለች። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባሌ ተመለሱ። ራሴን መከላከል ተምሬአለሁ፣ አልሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ።

"ድንቄም! እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

ግቢያችን ውስጥ ቆምኩ፤ ጎረቤቴም ልታይልኝ መጣች። ባሌ "ይኸው መጣሁ፣ ልይዝሽ ነው" እያሉ ከኋላዬ ቀረቡ። ኮቴያቸውን እሰማለሁ። ጉልበቴን እጠፍ ብለው ወይ ፍንክች! እንደ ምሰሶ ተገትሬ ቀረሁ። ወገቤን ይዘው ብድግ አደረጉኝና "ሱዳን ደረስሽ!" ብለው አስቀመጡኝ። ጎረቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

"ዕቃሽን ሰብስቢ" አሉኝ። አሁን አይስቁም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በበነጋው በቅሎዋ ላይ ጭነት እያሰርኩ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ፣ ያን ከሐዲ ጉልበቴን እረግማለሁ። በዚህ መካከል አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ልብ ስል ተረከዝ ጨብጫለሁ፤ የተረከዙ ባለቤት ፋንድያ ላይ ተዘርግቷል። ባሌ ናቸው።

"አበስኩ ገበርኩ!" ብዬ ራሴን ያዝኩ። "ይማሩኝ ጌታዬ! መምጣትዎን መች ነገሩኝ?"

"አይዞሽ ልልሽ ነበር" አሉ ሰማይ ሰማዩን እያዩ። መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቋረጠ። "እነዚያስ መቼ ነግረውሽ ይመጣሉ?" አሉ።

ተነሡ። ፋንድያውን እንኳ ሳያራግፉ በቅሎዋ ዘንድ ሄደው የጭነቱን ገመድ መፍታት ያዙ። ቋጠሮው አልፈታ አላቸው፤ ዓይናቸው ከቋጠሮው ይልቅ ወደ ወንዙ መንገድ ነበር። ያን ሁሉ ወር ከእኔ ይልቅ የፈሩት እሳቸው እንደነበሩ ያኔ ገባኝ። በወዲያኛው ጎን ዞሬ ቋጠሮውን ፈታሁላቸው።