የማይደክመው ወርዋሪ

ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች የኳስ ጨዋታ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፈረንጁ የሒሳብ አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን የሄደውን የወረቀቱን ነው። እያንዳንዱ ካርታ አንድ ተጫዋች ነበር፤ ባለ ነጥብ ዳይስ ይጣላል፣ ኳስ ወርዋሪው በዱላ የሚመታውን መቺ ማሸነፉ አለማሸነፉ በወጣው ቁጥር ከካርታው ላይ ይነበባል።

ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንማር ሁለት የአምበር ልጆች ነበርን። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፤ በሕጉ ወርዋሪ ከስድስተኛው ዙር በኋላ ይደክማል፤ ቁጥሩም ይቀነስበታል። ሳቅን። «ወረቀት ይደክማል እንዴ?» አልኩ እኔ። ወንድ ልጅ ደከመኝ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሕጉን እዚያው ሻርነው። ካርታውን በዕጣ ስንካፈል ምርጡ ወርዋሪ ለእኔ ደረሰኝ።

ጨዋታው ያን ቀን ሞተ። ያ አንድ ካርታ ዘጠኙንም ዙር ይወረውራል፤ ሌሎቹ ወርዋሪዎቼ ከሳጥኑ አይወጡም። ለካ የጨዋታው ብልሃት ሁሉ ይህን ሰው መቼ ላሳርፈው፣ በማንስ ልተካው የሚለው ጭንቀት ላይ ኖሯል። ይህ ገብቶኝ ነበር፤ ግን የኔ ነገር፣ ማሸነፍ ይጥመኝ ነበር። የተሸነፈ ደግሞ ከምንጩ ውኃ ይቀዳል ብለን ተማምለናል።

ሁዳዴ ገባ። ጓደኛዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ በየቀኑ ይሸነፋል፣ ውኃ የሞላውን የጋዝ ቆርቆሮ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ከሳ። አንድ ቀን ካርታውን ሳይነካ፣ «ኧረ የድካሙን ሕግ እንመልሰው» አለኝ።

«ምነው፣ ፈራህ?»

«አይ፣ ደክሞኛል። ትኩሳትም አለኝ።»

ስለ ካርታው እንዳልተናገረ ገብቶኛል። «መጀመሪያ ተጫወት» አልኩት። ዛሬም ይህችን ሳስታውስ ራሴን እጠላዋለሁ። ተሸነፈ። ቆርቆሮውን በግማሽ ሞልቶ ተመለሰና ተኛ። ተስቦ ነበር፤ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ውስጥ ሞተ።

አባቱ ከአምበር በእግራቸው መጡ። «ደከመኝ፣ አመመኝ ብሎህ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኧረ አላለኝም፣ አባባ።»

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «አዎ፣ የእኔ ልጅ ደከመኝ አያውቅም» አሉ። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ ይህንኑ ይደግሙታል፤ እኔንም ምስክር አድርገው ይጠቁሙኛል። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር።