አቤት የማይሉት የእንጦጦ ሰዎች

ልጄ ቤዛና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥር የተጻፈበት፣ ብዙ ጎን ያለው ዳይስ እየጣሉ ተረት የሚመስል ጨዋታ ይጫወታሉ። ታሪኩን የምትመራው እሷ ናት። በቀደም አንድ ወረቀት ሙሉ ጽፋ አመጣችልኝ፤ ከሰው ተደብቀው የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የሾለ የጫካ ሰዎች ፈጥራለች። ኤልፍ ይባላሉ። የብር ዋንጫ አላቸው፤ በወርቅ ይጽፋሉ።

«እነዚህ የተደበቁ አይደሉም፤ ሀብታሞች ናቸው» አልኳት።

«አንተ ደግሞ የተደበቀ ሰው የት ታውቃለህ?» አለች ተናዳ።

አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ከቀበና ሽቅብ ወጥተን፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ገመቹ ፈጥረናቸዋል። ሁለታችንም ትምህርት ቤት አልገባንም፤ ሥራችን ለማገዶ ቅጠል መጥረግ ነበር። እጃችን ታጥበንም ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። ከታች ከመንደር ስማችን ይጠራል፤ ውሃ ቅዳ፣ ሱቅ ሂድ። ትልልቆቹ «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» የሚለውን ልጅ ነው የሚመርቁት፤ ያላለውን ይገርፉታል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች የመጀመሪያ ሕጋቸው ተጠርተው አቤት አለማለት ሆነ። እሳት አያነዱም፤ ጭሱ ያጋልጣቸዋል። የደረቀ ቅርፊት አይረግጡም፤ ይንኮሻኮሻል። ገመቹ ሕጉን በኦሮምኛ ያውጃል፣ እኔ በአማርኛ እደግማለሁ። መጻፍ ነውር ነው ብዬ የደነገግሁት ግን እኔ ነኝ።

«ለምን?» አለ ገመቹ።

«ከጻፉ ይገኛሉ።»

ውሸቴን ነው። እኛ ስለማንችል ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አባቱ ገመቹን ትምህርት ቤት አስገቡት። እኔን የሚያስገባኝ አልነበረም። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ጉልበቱን ያለፈ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጥቶ መንገዱ ላይ ቆመና ጠራኝ። ግንድ ተከልዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሕግ ሕግ ነው።

«እግርህ ይታያል እኮ» አለ። «ና፣ የተማርኩትን ላሳይህ።»

አልወጣሁም። በእንጨት መሬቱ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጎ ሄደ። ወጥቼ አየሁት። ምን እንደሚል ስላላወቅሁ በመጥረጊያዬ ጠረግሁት። ገመቹ ሁለተኛ አልመጣም።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ ሲግናል አካባቢ ዘበኛ ሆኜ ነው። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሱቅ ታፔላ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ ጫት የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። ያን የጠረግሁትን ግን አላገኘሁትም። ሀ ይሁን፣ ስሜ ይሁን፣ ስድብም ይሁን አላውቅም። ዛሬ እንጦጦ መናፈሻ ሆኗል፤ ሰው ስፖርት ጫማ አጥልቆ ይሮጥበታል፤ ቅጠሉን ለማገዶ የሚፈልገው የለም። ከሥራ ሲደወልልኝ «አቤት ጌታዬ» እላለሁ፤ እንጀራ ነው።

ለቤዛ ሕጎቹን ብቻ ነገርኳት፤ ገመቹን ዘለልኩት። ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ስቆም ስቀመጥ ሰማኋቸው። ጓደኞቿ የጫካውን ሰዎች ቢጠሩ ቢጠሩ ዝም አለች።

«ኧረ ቤዛ፣ ይመልሱ እንጂ» አለ አንዱ ልጅ። «ይደብራል።»

«አይመልሱም። ሕጋቸው ነው።» ቀጥላ ወደ ኮሪደሩ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አባዬ፣ ና፤ ሽማግሌያቸውን አንተ ሁን።»

የበሩ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሼን ዋጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

«አባዬ፣ እግርህ ይታያል እኮ።»

«አቤት» አልኳት።