የአንጋፋው መካኒክ ጣቶች

አንጋፋው መካኒክ የባለሀብቶችን ትንሽ ጄት አውሮፕላን ሲፈትሽ ባትሪ አብርቶ ማየት ብቻ አይበቃውም። ጓንቱን አውልቆ የሞተሩን ማራገቢያ ስለቶች አንድ በአንድ ይዳብሳል። «ጠጠር የሸረፈውን ዓይን ሊስተው ይችላል፤ ጣት ግን አይስተውም» ይላል። ልጆቹን ያሳደገው በእነዚህ ጣቶች ነው።

ዘንድሮ ግን የስኳር በሽታው ጣቶቹን አደነዘዛቸው። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እያንዳንዱን ስለት ሦስት ሦስቴ ይዳብሳል።

«ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጠንቃቃ አላየሁም» ይለዋል አብራሪው።

ዛሬም ምንም ሳይሰማው ጨረሰ። የፍተሻውን ቅጽ ሊፈርም ሲል ወረቀቱ ላይ ደም ጠብ አለ። ጣቱ ተሰንጥቋል።

እጁን ኪሱ ከተተና «አንዱ ተሸርፏል፤ አትበርም» አለ።

«የትኛው ነው፣ ጋሼ?»

ጎንበስ ብሎ ደም የነካውን ስለት በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።