ልጄ ያስወደደኝ ጋኔን

«እትዬ፣ ሰሙ? ጋኔኑ አለቀሰ!» አለኝ ናሆም ዛሬ፣ ባጃጁን ገበያው መሐል አቁሞ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ናሆም የሟቹ ልጄ የዳዊት ጓደኛ ነው። ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል ታሪክ አብረው በስልክ ያነቡ ነበር፤ የአንድ ልጅና አብሮት የሚኖር ጋኔን ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ጋኔኑ የተጠጋው ልጁን ሊበላው ነበር። ምስር ስለቅም ዳዊት ሲተርክልኝ አማትብ ነበር።

«እማዬ፣ ባማተብሽ ቁጥር እኮ እየለዘበ ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እውነትም እያደር ጠባቂው ሆነ።

ዳዊት ታሞ፣ የታሪኩን መጨረሻ ሳያይ አረፈ።

«ምን ሆኖ አለቀሰ?» አልኩት ናሆምን።

«ልጁ ታሞበት።»

«እግዜር ይማርለት» አልኩ። እንኳንም የነፍስ አባቴ አልሰሙኝ!

«ጋኔኑ ትቶት ሄደ እንዴ?»

«ኧረ፣ ከራስጌው አልተነሣም።»

እኔም አልተነሣሁም ነበር።

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ ምን አስወደዷችሁ? ጻፉልኝ፣ ቀስ እያልኩ አነባለሁ።